በሄልሜቱ ውስጥ የሰፈሩ ንቦች

ሞተር ያለበት ቤት ስሄድ ሁለት ሄልሜት ይዤ ነው፤ አንዱን ለነጂው፣ ሌላውን ከኋላ ለሚቀመጠው። «የኋላው ምን ያደርግለታል? የሚነዳው እሱ አይደለም!» የሚለኝ አይጠፋም። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል፤ ድምፄ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። መቱ ውስጥ «ያቺ ቁጡ የጤና ባለሙያ» ሲባል ብትሰሙ እኔን ነው። ይበሉኝ።

መጀመሪያ ላይ ግን እኔም የማድለው አንድ አንድ ነበር። አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ተብሎ ሄልሜት ሲመጣ ትእዛዙ ለአንድ ሞተር አንድ ነበርና፣ እንደተባልኩት ቤት ለቤት እየዞርኩ አስተምራለሁ፤ አከፋፍላለሁ። ሰው ሁሉ ሰበብ አያጣም። ያሞቃል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ጸጉር ያበላሻል ይሉኛል። ታናሽ ወንድሜ ግን አላስቸገረኝም። እሱና እኔ ከእናታችን ጋር ባንድ ቤት እንኖር ነበር፤ ከመቱ ወደ ሁሩሙ ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ ሞተር ነበረችው። ፊቱ ላይ ጥቁር መስታወት ያለውን ሄልሜት ተቀብሎ በየቀኑ ያደርገው ነበር።

ከዚያ ወባ ጣለው። ሄልሜቱም በረንዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ሰነበተ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ከጥቁሩ መስታወት በስተጀርባ፣ ፊት መሆን በሚገባው ቦታ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጮህኩ። ንብ ነበር። መንጋው እንዳለ ገብቶ ሰፍሯል።

ጭስ ላመጣ ስሮጥ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ዲሲ!» አለችኝ በኦሮምኛ፤ «ተዪ አልኩሽ! በእግሩ የመጣ እንግዳ ይባረራል እንዴ?»

በእኛ ዘንድ ሳይጠሩት ቤት የመጣ ንብ አይነካም። ሲሳይ ነው፤ ያባረረው ሰው ሲሳዩን በገዛ እጁ እንዳባረረ ይቆጠራል። ይባስ ብሎ ወንድሜ በዚያው ሰሞን ትኩሳቱ ለቀቀውና ከአልጋ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ እናቴን ማን ይቻላት!

«ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ» አለችው፣ «ራስህን እነሱ ተረክበውልሃል። እዚህ እስካሉ ድረስ የሚነካህ የለም።»

እሱም እየሳቀ በባዶ ራሱ ወጣ። ሌላ ሄልሜት ፍለጋ ቢሮ ብሄድ «እናንተማ ወስዳችኋል» ብለው መለሱኝ። ሱቅ የሚሸጠውን መግዛት አቅማችን አልነበረም። ቤት ስመለስ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ ለመንኩ። እናቴ ሄልሜቱን አሻቅባ እያየች «ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» አለችኝ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ግን ጆሮዬን ምን ላድርገው? ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ ሄልሜቱ ጸጥ ይላል። አመሻሽ ላይ የሞተሩ ድምፅ ገና ሳይሰማ ማጉረምረም ይጀምራል። እናቴ «መጣ» ብላ ተነስታ ምግቡን ታሞቃለች፤ እውነትም ይመጣል። ከአበባ የሚመለሱበት ሰዓት ነው እያልኩ ለራሴ አስረዳለሁ። ቢሆንም በዚያ መስታወት ፊት ማለፍ እየከበደኝ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። መስታወቱ መንገድ መንገዱን ነበር የሚያየው።

አንድ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ አለ። ወንድሜ የሚመጣበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈም። ከሄልሜቱ ድምፅ የለም። እናቴ ወጣችና ጆሮዋን ለጠፈችበት። አንዲት እንኳ አልነደፈቻትም። ዞር ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዝም ብለዋል» አለችኝ።

እኔ የማላምነው ሴትዮ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ከመሸ በኋላ መጣ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ግንባሩ ተሰንጥቆ ደም እየወረደው። ሞተሩ አንሸራቶት ድንጋይ ላይ ወድቋል። «ጭረት ናት» ይላል ደግሞ!

እናቴ ቁስሉን አጠበችለት። በማግስቱ እርጥብ ቅጠል አጭሳ ከሄልሜቱ ሥር ያዘች። ንቦቹ እየተመሙ ወጡ። እጇን፣ አንገቷን እየነደፏት «ይቅር በሉኝ፣ ልጄ ነው፤ ይቅር በሉኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያመነችበትን በገዛ እጇ ስታፈርስ ቆሜ አየሁ። እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም። የማሩን እንጀራ ፍቃ አወጣች፤ ሄልሜቱን አጠበችው፤ ፀሐይ ሲወጣ አደረቀችው። ከዚያ እንደ ሕፃን አጎንብሶላት ራሱ ላይ አጠለቀችለት፤ ማሰሪያውንም ከአገጩ ሥር ቆለፈች። የማርና የጭስ ሽታው ግን አልለቀቀም።

በቀጣዩ ቅዳሜ እናቴን ወደ ሁሩሙ ገበያ ይዟት ሄደ። ከኋላው ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ የእሱን ማሰሪያ እንደገና በጣቷ ፈትሻ። እኔም ከበሩ ሆኜ እሱን እሱን አየሁ። ሄልሜቱን ማድረጉ አስደስቶኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ ምስር ስለቅም ያ ድምፅ መጣ። ቀና አልኩ። ሄልሜቱ የለም፤ ሚስማሩ ባዶ ነው። ንቦቹ ግን ተመልሰው ባዶውን ሚስማር ይዞሩታል፤ የሰው ራስ የሚያህል ክብ ሠርተው ያጉረመርማሉ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ወዲያው ግን ደስ አለኝ፤ ምልክቱን አውቀዋለሁና። «መጣ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ልክ እንደ እናቴ፤ ምግቡን ላሞቅም ተነሳሁ።

እውነትም መጣ። በፒካፕ መኪና ይዘውት የመጡት ሰዎች ዓይኔን አላዩም። ላም ድንገት መንገድ ገብታበት ነው የወደቁት። ሄልሜቱ ከጆሮው በላይ ተሰንጥቋል፤ ጭንቅላቱ ደኅና ነው። እናቴ ከመኪናው ኋላ ተኝታለች። ከእግሯ እስከ ራሷ በጋቢ ተሸፍናለች።

ንቦቹ አልዋሹኝም። የሚናገሩት ሁልጊዜም ስለ እሱ ብቻ ነበር፤ ስለ እሷ የጠየቃቸው የለም። እኛም ሞተር ቆጥረን አደልን እንጂ ራስ አልቆጠርንም።

ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ሲሰበሰብ ወንድሜ አላለቀሰም። የተሰነጠቀውን ሄልሜት ታቅፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከራሱ በላይ ባዶው ሚስማር ዙሪያ ንቦቹ አሁንም ያጉረመርማሉ። ወደ እኔ ቀና አለ።

«እትዬ» አለኝ፣ «ለእማዬስ ለምን አላመጣሽላትም?»