መሃሉ የዞረ አንድ ብር

ሰበታ፣ በጋሽ ታደሰ የአሮጌ ሳንቲም ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን አጉሊ መነጽርና አንድ ጭብጥ ዝርዝር ሳንቲም ሰጡኝ። «የተበላሸውንና ከማተሚያው ሲወጣ ጀምሮ የተሳሳተውን ለዪልኝ» አሉ። ሁሉንም የተበላሸ ነው አልኳቸው። «አይ አንቺ! ጠባሳና ማርያም የሳመችው አንድ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ አስተማሩኝ። መዶሻ ያረፈበት ሳንቲም ብረቱ ተገፍቶ አንድ ጎኑ ያብጣል፤ ሞረድ የነካው ጭረት አለው። ማተሚያው ስቶ የመታው ግን ሥዕሉ ወደ አንድ ዳር ይሸሻል፣ በሌላው ዳር ባዶው ብረት ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ስለ አንድ ብሩ ደግሞ፣ «መሃሉና ቀለበቱ ተጋጥመው በአንድ ምት ነው የሚታተሙት፤ መጋጠሚያውን እዪ» አሉኝ። ይቺን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያዝኳት።

በኋላ «ስሕተት ሳንቲም ያበለጽጋል» የሚል ወሬ በየስልኩ ተነዛና ገበያው አበደ። ሰዉ የአንድ ብሩን መሃል ነቅሎ፣ አዙሮ መመለስ ጀመረ።

አንድ ቀን ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ ከሱሉልታ መጡ። ጋሽ ታደሰ አንበሳው የተዘቀዘቀ አንድ ብር አሳዩአቸው። «ከማተሚያው እንዲህ ሆና የወጣች ናት፤ ለልጅ ልጅ ትተርፋለች። ካላመኑኝ እሷን ይጠይቋት» ብለው አፈጠጡብኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያለችኝ አንዲት ጊደር ናት። ሸጬ ልግዛት?»

መነጽሩን አነሳሁ። መጋጠሚያው ላይ የጉጠት ጭረት አለ። ንድድ አለኝ።

«አይሽጧት፣ አባቴ! ማተሚያው ቢስት መሃሉም ቀለበቱም አብረው ይስታሉ። ይሄ መሃሉ ብቻ የዞረው ተነቅሎ ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ወጡ።

«እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ደፋሽው!» ብለው ጮሁ ጋሽ ታደሰ።

«ልድፋው! መነጽሩን የሰጡኝ እንዳይ ነው፣ ጋሼ። እንድታወር ከፈለጉ ምን አሰጠዎት?»

በዚያው ሳምንት ቡራዩ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ የራሴን ጠረጴዛ ዘረጋሁ። የተነቀለ የሚሸጡት «ሴትየዋ ገበያ ታበላሻለች» እያሉ አስወሩብኝ። ያስወሩ! የተነቀለ ሲያመጡልኝ የተነቀለ ነው እላለሁ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ኦቦ ቶሎሳ ባለፈው በዚያ ሲያልፉ ጊደሯ መውለዷን ነገሩኝ። ደስታዬን አልደብቅም፣ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

እናንተ ወደ ሳንቲም ሥራ አዲስ ገቢዎች፣ ሻጩ ቢያፈጥም ገዢው ቢለማመጥም መጀመሪያ መጋጠሚያውን እዩ። ያያችሁትንም ተናገሩ። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ እሳቸው ቢረሱት እኔ አልረሳውም።