አባባ ኤርጫፎ ሳይጨርሱት የቀሩት ፊልም

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሆሳዕና አጠገብ ባለችው መንደራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ አባባ ኤርጫፎ ግን ነበሩ። አዲስ አበባ እንግሊዞች ቤት ዘበኛ ሳሉ፣ ባለቤቶቹ በካሴት የሚያዩትን የድሮ የአገራቸውን ተከታታይ ፊልም፣ በየጊዜው ሌላ ሌላ የሚያስፈራ ታሪክ የሚያወጣውን፣ በመስኮት አይተውታል። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ንግግሩን ከራሳቸው ጨምረው ሲያወሩልን ግን፣ ያኔ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ እንኳን እኛ የታሰረው በሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሬው ሽንቱን ለቀቀ ብል ታምኑኛላችሁ?

ከሁሉ የምንወደው የተዘጋውን በር ታሪክ ነበር። በአንድ ትልቅ ቤት ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ቤተሰቡ ራቱን በሩ ሥር ያስቀምጥለታል፤ ማንም ገብቶ አያየውም። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ የበሩን እጀታ ሲያዞረው... «መብራት ጠፋ!» ይላሉ አባባ ኤርጫፎ፤ ኩራዙንም እፍ ብለው ያጠፉታል። መጨረሻውን አላየሁም ይሉናል። ልጃቸው ታምራትና እኔ ስንት ዓመት ለመንናቸው።

በኮሮናው ጊዜ ታምራትና እኔ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ጻካኔ በምትባል ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረን፤ የምንተኛው ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ነው። ታምራት ታመመ። ክፍሏን ለእሱ ትቼ እኔ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተኛሁ፤ ምግቡን በሩ ሥር አኖርለታለሁ። «ፊልሙ ውስጥ ገባንልህ!» ብሎ እየሳለ ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ከአገር ተደወለ። አባባ ኤርጫፎ አረፉ። ጆሃንስበርግ መሃል፣ ቤሪያ ሰፈር ያሉት የአገራችን ሽማግሌዎች በስልክ መክረው፣ «እስኪሻለው መርዶው ይቆይ» አሉኝ። «እንደ ደንቡ በማለዳ ተሰብስበን እንነግረዋለን። እስከዚያ አንተ አጫውተው፤ ውሸት መቼ ቸግሮህ ያውቃል?»

«አባቴ ደወለ?» ይለኛል ታምራት ከበሩ ወዲያ።

«ደወሉ እንጂ! ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶት እንኳ ሰፈሩን በሳቅ ገደሉት አሉ።»

«እስቲ የዚያን ፊልም መጨረሻ ጠይቅልኝ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ «ነገሩኝ!» አልሁት። «እንግዳው በሩን ሲከፍተው ሽማግሌው እግሩን አጣጥፎ ራቱን እየበላ ነው። ቀና ብሎ ‹ምነው ዘገየህ? ና ብላ› አለው።»

ከበሩ ወዲያ «አንተ ቀጣፊ» አለኝ። «መብራቱ አልጠፋም ነበር። እጀታው ሲዞር አባቴ ፈርቶ ከመስኮቱ ሮጠ። ወደዚህ ልመጣ ስል ነው፣ ለማንም አትንገር ብሎ የነገረኝ። መጨረሻውን እሱም አያውቀውም። አውቄ ነው የጠየቅሁህ።» ሳለ። «አባቴ ሞቷል፣ አይደል?»

ዕድሜዬን በሙሉ ስዋሽ ኖሬ፣ ያኔ አንዲት ውሸት ጠፋችብኝ። ውስጥ ለብቻው አለቀሰ። ትከሻውን የሚይዝለት፣ አብሮት ደረቱን የሚመታ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ «አባባ! አባባ!» እላለሁ፤ በሱቁ ፍርግርግ በኩል ደግሞ ደንበኛ በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና!» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ፣ «ዳቦ አለ?» እያለ ያንኳኳል።

ታምራት ዳነ። ሽማግሌዎቹም በማለዳ መጥተው መርዶውን ነገሩት፤ እንዳልሰማ ሆኖ ለደንቡ አለቀሰላቸው።

ዛሬ የጎረቤት ልጆች ያንን ታሪክ ሲያስወሩኝ፣ እጀታው ጋ ስደርስ «መብራት ጠፋ» እላለሁ። አባባ ኤርጫፎ ፈርተው ሸሹ። እኔ አልሸሸሁም፤ የታምራትን በር ግን አልከፈትሁም።