በበዓል ቀን የማይዘንበው ዝናብ

ኮምፒውተሬ በዓል ያከብራል ብዬ ለአለቃዬ የነገርኩት ቀን፣ ሰውየው የያዘውን ሻይ አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። ቀልዴን አልነበረም። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ሦስት፣ ከደብረ ሲና በላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በማግስቱ ደግሞ የዝናቡ መስመር ሽቅብ ይተኮሳል።

«ሚካኤል ይዞልን ነዋ!» አለና ሳቀብኝ።

እኔ ግን ቆሽቴ አርሯል። ዝናቡን የሚመዘግበው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲስተም የእኔ ሥራ ነበር። ሸዋ ሮቢትን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ባለባጃጁ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ተበትኖ ሳለ፣ ወንዙ ድንገት ጎርፍ ይዞ ይመጣል። ዝናቡ የሚጥለው እላይ ተራራው ላይ ነው፤ የሚደርሰው ግን እኛ ጋ። በበልግ ወራት ገበሬው ሽንኩርቱን ለማጠጣት የውሃ ሞተሩን ወንዙ ውስጥ ድረስ ያወርደዋል፤ ውሃው ሲሸሽ ሞተሩም ይከተለዋል። ጎርፉ መጀመሪያ የሚወስደው እሱን ነው። ስለዚህ እላይ የዝናብ መለኪያ አስተከልኩ፤ ታች ወንዙ ዳር ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ቋሚ እንጨት። የላዩን ልኬት በስልክ የሚቀበል ቅጽ ሠራሁ። ዝናቡ ከልክ ሲያልፍ ሲስተሙ ለሞተር ባለቤቶች ሁሉ «ሞተር አውጡ» የሚል መልእክት ይልካል። የመጀመሪያው ልኬት ላፕቶፔ ላይ በሰማያዊ ሲበራ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

በየጠዋቱ የወንዙን እንጨት የማነበው እኔው ነኝ። ማሳቸው ከእንጨቱ ጎን የሆነ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ባለፈው ዓመት ጎርፍ ሞተራቸውን ወስዶባቸው ሽንኩርቱ እዚያው መሬት ላይ ደርቋል። ዘንድሮ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጋግዘው ሌላ ገዙ። ሽንኩርቱ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ እሱም ውሃ ካገኘ። እኔን ባዩኝ ቁጥር፦

«አንቺ ልጅ፣ እንጨትሽ ምን አለ?» ይሉኛል።

«ደህና ነው ብሏል፣ እትዬ።»

«ኢንሻ አላህ ይበል» ይሉና ወደ ሞተራቸው ይዞራሉ።

እንግዲህ በዚያ ወር በአሥራ ሁለት፣ እንጨቱ ጋ ስደርስ ውሃው ከትናንቱ ወደ ጉልበቴ ያህል ጨምሯል። ሞተሩን ለጥቂት ነው የሳተው። ስልኬን ባየው፣ ከላይ የመጣው ልኬት ዜሮ ነው። ዝናብ ሳይዘንብ ወንዝ ይሞላል? በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ደብረ ሲና ወጣሁ። ከሙቀቱ የወጣሁበትን ስስ ሸሚዝ እዚያ ብርዱ ሳቀበት።

መለኪያውን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ናቸው፤ ጠንቃቃ፣ እጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ሽማግሌ። ደብተራቸውን አወጡልኝ። ንጹሕ ነው። አሥራ ሁለት ላይ ግን ባዶ።

«ጋሼ፣ እዚህ ባዶ ነው፤ በስልክ የላኩት ግን ዜሮ ነው።»

«በሚካኤል አልለካሁማ።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት? ሥራ አይደለም እንዴ? አንቺ አይደለሽም ስታሠለጥኚን “ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ሥራ ነው” እያልሽ ጠረጴዛ የደበደብሽው? ሥራ ከሆነ በሚካኤል አልይዘውም።»

«ታዲያ ዜሮውን ማን ጻፈው?»

«ባዶ ብልከው ስልክሽ አልቀበልም ይለኛል። እየደጋገመ ሲጮህብኝ ዜሮ አጎረስኩት፤ ተኛልኝ።»

አፌን ያዝኩ። ባዶ ቦታ እንዳይታለፍ ብዬ ቅጹን የቆለፍኩት እኔው ነኝ። ሰውየው በበዓል ያልለኩት ውሃ በማግስቱ ካዲሱ ጋር ተደርቦ ይመዘገባል፤ ኮምፒውተሬም በዓል የሚያከብር መስሎኝ ተደነቅኩ። መናደድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሳቄ ቀደመኝ። እሳቸውም ሳቁ። ስልክ ላይ የሚጮኸው ነገር እንደማይቆጣቸው ሲያውቁ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝ።

«ጋሼ፣ እንዲያው ዐይን ጣል አድርጎ ማየት እኮ ነው» ብዬ ለመንኳቸው።

«ጽፌ የምከፈልበት ነገር ማየት ብቻ አይደለም» አሉ። ነገሩን ዘግተውታል። ደግሞም ልክ ናቸው።

ቅጹን እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልኩትና «አልተለካም» የሚል ምርጫ ጨመርኩበት። እውነት ነው፤ ግን ለጎርፍ መልስ አይሆንም። ከፊታችን ያለው ትልቅ በዓል ደግሞ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ነው፤ በልግ ደግሞ ገና አላበቃም። ግራ ገብቶኝ ስቀመጥ፣ ሽማግሌው በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው ጎረቤታቸውን ጠሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«በእኛ በዓል አንተ ታይልኛለህ፣ በዒድ ጠዋት ደሞ እኔ እለካለሁ።»

ልብስ ሰፊው መለኪያውን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ዕድሜ ልኬን ሰው ስለካ የኖርኩ፣ ውሃ ያቅተኛል?» አሉ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከእኔ በላይ አወቁት። ዝናቡ ከጠና በየሰዓቱ እንዲልኩ ተነጋገርንና ተለያየን።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ ለት ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ሰማዩ አንድ ጭረት ደመና የለውም። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ነዘረኝ። ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ከባድ ዝናብ። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ከዚያ የባሰ። መልእክቱ ለሁሉም ሄደ። ሲስተሙ ሠርቷል፤ የእኔ ሥራ አብቅቷል ማለት ነው። ግን እግሬ አላርፍ አለኝ። የእትዬ ሸሪኮች ታቦቱን አጅበው ርቀዋል፤ እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። ባጃጅ አስቁሜ ወደ ወንዙ በረርኩ።

ሞተሩ እየጮኸ ነው። እትዬ ሽንኩርታቸውን ያጠጣሉ።

«እትዬ! መልእክቱ አልደረሰዎትም?»

«ስልኬማ ሲንጫጫ ነበር።»

«ጎርፍ ይመጣል! እላይ ዝናብ ጥሏል!»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። እኔ አልጠበቅኳቸውም፤ ውሃው ውስጥ ገብቼ የሞተሩን እጀታ ይዤ መጎተት ጀምሬያለሁ። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። እትዬ አጠፉት፣ ባለባጃጁም ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ለሦስት እየተንገዳገድን ዳገቱ ላይ አወጣነው። ቀሚሴ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆነ። ከዚያ እትዬ ወገባቸውን ይዘው ወንዙን ተከትለው ጮኹ።

«እናንተ ሰዎች! ሞተር አውጡ! ኋላ አይደለም፣ አሁን!»

መልእክቱ ደርሷቸው፣ ሰማዩን አይተው ስልካቸውን ኪሳቸው የከተቱ ሁሉ በዚያ ድምፅ ተነሱ። አንድም ሰው «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ወንዙ እንዳለ ነው። የሽንኩርቱ ቅጠል በፀሐዩ ሲጠወልግ እያየሁ ነው። አንዱ ገበሬ «የዛሬው ጎርፍ ባጃጅ አጥቶ ይሆናል» ሲል ሁሉም ሳቁ። ዛሬ ካፈርኩ፣ ከዛሬ ወዲያ ማንም ሞተር አያወጣልኝም። እትዬ ግን ከጎኔ ተቀምጠው የቀሚሴን ጭቃ በጣታቸው እየፋቁ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የረጠበ አፈር። ቀጥሎ ጉምጉምታ። ከዚያ ወንዙ ግንድና ድንጋይ አዝሎ ደረሰ። ሞተሩ የነበረበት ቦታ በዐይናችን ፊት ጠፋ። ቁጥር የጻፍኩበትን እንጨትም ነቅሎ ይዞት ሄደ። ሰው ሁሉ ጮኸ፣ እኔ ግን ዘለልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባለባጃጁን አቀፍኩት፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ፣ ሞተራቸውን እየደባበሱ።

«አዩ፣ እትዬ? መልእክቴን አምነው ባያወጡት ኖሮ…»

«የቱን መልእክት?» አሉ። «እኔ ማንበብ መች እችላለሁ? በጊዮርጊስ፣ በበዓል ልብስሽ፣ ጭቃ ውስጥ ስትገቢ አየሁሽ። እንዲህ ያለ ነገር ለዋዛ አይደረግም ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ካርታ፣ ያን ሁሉ ግራፍ ሠርቼ፣ መልእክቱን የምልክላቸው ሴት ያነቡታል ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን ስቀው ትከሻዬን መቱኝ፤ እኔም ሳቅኩ።

በሳምንቱ ስልኬን ይዤ እሳቸው ጋ ተመለስኩ። «ያን ለት እንደጮኹት ይጩሁልኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ፤ ሦስተኛው ላይ ግን አእዋፉ ሁሉ ከዛፍ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ሲስተሙ ጽሑፍ ብቻ አይልክም፤ ይደውላል፤ ሲነሳም የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው።

ከወር በኋላ እላይ እንደገና ጣለ። የደወሉን ውጤት ለማየት ወንዙ ዳር ስደርስ ሞተሮቹ ሁሉ ዳገቱ ላይ ተደርድረዋል፤ አንድም የቀረ የለም። እትዬ ከሞተራቸው አጠገብ ቆመው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። ከስልኩ ውስጥ የገዛ ድምፃቸው ይጮኽባቸዋል።

«ኧረ እሺ!» ይሉታል። «አውጥተናል እኮ! ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ ስትጮህ!»