የእርጥብ አሸዋ ክብደት

በጅቡቲ ወደብ ክሬን እምቢ ሲል የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት ብቻ አይደለም፤ በከፊል ግን ለመኩራራት ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ፈረንሳይኛውን ከማሽን መመሪያ፣ ሶማሊኛውን ከጫኝና አውራጆች፣ ዐረብኛውን ከሻይ ቤት፣ ምሕንድስናውን ከተሰበረ ብረት። የአሰብ በር ተዘግቶ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ እኛ በዞረ ጊዜ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ከብበው ሲያዩኝ የብረት ገመዱን በአውራ ጣቴ መታ አድርጌ ድምፁን እሰማና፣ ሳምንት እንደማይቆይ እነግራቸው ነበር። ያልሰሙኝ ጊዜ ተበጥሷል።

ስለዚህ የጅቡቲ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሃያብለ ሰፈር ካለው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «በየክፍሉ አንደኛ የወጡትን ልጆች በክረምት ዕረፍት ምሕንድስና ያስተምሩልን» ሲለኝ አልደነቀኝም። የደነቀኝ እስከዚያ ምን ሲጠብቅ እንደኖረ ነው።

ክረምት የምንለው አገር ቤት ዝናብ ስለሆነ ነው። ጅቡቲ ላይ ያ ወቅት እሳት ነው። አቅም ያለው ቤተሰቡን ወደ ሐረር ይልካል፤ ከተማው ባዶ ይሆናል፤ ሃምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ በየመንገዱ ይዞራል። ያ ወር አሁን ሳስበው በሕልም ያየሁት ይመስለኛል። ከምናስተምርበት መጋዘን በር ላይ ቆሜ ወደ ባሕሩ ስመለከት፣ መርከቦቹ ከውሃው በላይ አየር ላይ ቆመው ይታዩኝ ነበር። የወደቡ ክሬኖች እግራቸው በሙቀቱ ውስጥ ሟሙቶ ክንዳቸው ብቻ ይንሳፈፋል። ልጆቹም ያንን እያዩ ዝም ይላሉ። እኔም ዝም እላለሁ። ያ ዝምታም ትምህርት ነበር ብዬ አምናለሁ።

መጋዘኑ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር የሚገኝ የአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ንብረት ነበር። ሌሎቹን ልጆቹን ሐረር ልኮ አንዱን ለእኔ ትምህርት አስቀርቶልኛል። እኔን የሚጠራኝ «ኢንጂነሩ» ብሎ ነው። ሲጀምር ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ግን ቀልዱ የጠፋ ይመስለኛል።

ስምንት ልጆች ነበሩኝ። ከስምንቱ የምታስፈራኝ አንዷ ነበረች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ልጅቱን ሃያብለ ያሉ ያገሯ ሰዎች ዘንድ አስቀምጣታለች። አንድ ቀን እናቲቱ እጇ በሳሙና እንደተጨማደደ መጥታ እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ማዳም ከመስከረም ጀምሮ ልጅሽም ትምጣና ልብስ ትተኩስ ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። ምን ላድርግ፤ የማሳድርበትም የማስተምርበትም የለኝም።»

የነበረው ተስፋ አንድ ነው። አዳሪ ያለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት አንድ መምህር፣ የጅቡቲ ተወላጅ፣ በመጨረሻው ቀን መጥቶ ሥራችንን ሊያይ ቃል ገብቶ ነበር። ደስ ካሰኘው ከስምንቱ አንድ ልጅ ይወስዳል።

የሠራነው ክሬን ነው። ክንዱ ከእቃ መደርደሪያ እንጨት፣ ገመዱ የሚሽከረከርበት በከራ ከአሮጌ ብስክሌት። ክንዱ ከተደገፈበት ወደ ፊት ሦስት ሜትር፣ ወደ ኋላ አንድ ሜትር። ከፊት የሚሰቀለው ሃያ አምስት ኪሎ ሩዝ ነው። ልጅቱ ደብተሯ ላይ አስልታ ከኋላ ሰባ አምስት ኪሎ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። እኔ አምስት ጨመርኩ፤ ልምድ ያለው ሰው ሁልጊዜ ይጨምራል። አሸዋውን ማለዳ ባሕሩ ሲሸሽ ሄደን ከዳርቻው አመጣን። እርጥቡን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይከብዳል፣ ከረጢት ውስጥም ደልደል ብሎ ይቀመጣል። በነጋዴው ሚዛን ሰማንያ ሆነ። ይህ ከዝግጅቱ አራት ቀን በፊት ነው።

በአራቱም ቀን ሃምሲን ነፈሰ።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ በእቃ ሳጥን ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እናቲቱ ማዳምን አስፈቅዳ መጥታ ከክንዱ ሥር፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። የቴክኒኩ መምህር ከአጠገቧ ተቀምጦ በመሐረብ አንገቱን ይጠርጋል። መዘውሩን እንድታዞር የመረጥኳት ልጅቱን ነው። እሷ ግን መዘውሩን ይዛ ቆማ ከረጢቱን ታያለች። ሥሩ ዙሪያ ነጭ የጨው ቀለበት ሠርቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ እንደገና ይመዘን።»

«መዝነነዋል እኮ።»

«ያኔ ውሃ ነበረበት።»

እጄን ከከረጢቱ ሥር አስገብቼ ወደ ላይ ነቅነቅ አደረግኩት። «ሰማንያ ነው» አልኩ። «ይህ እጅ ከሚዛን በፊት የተፈጠረ ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ነጋዴውም «አቦ፣ ኢንጂነሩ ካለ አለ ነው» ብሎ ጨመረበት። እናቲቱ ከተቀመጠችበት ልጇን በዓይኗ ትቆጣለች። መስከረም እንደቀረበ እኔም እሷም ልጅቱም እናውቃለን። ልጅቱ መዘውሩን ለቀቀች።

«ካልተመዘነ አልሰቅልም።»

ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣራ በነፋሱ ይንቀጫቀጫል፤ ከሩቅ ወደ ዶራሌ ወደብ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች ይሰማሉ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ አልክድም። እንዲህ ያለ ነገር ማንም በሰው ፊት አድርጎብኝ አያውቅም። ሆኖም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ ዲፕሎማ የያዘ አለቃዬን ገመዱ ይበጠሳል ስለው፣ እሱም እንዲሁ ሰው ፊት አስቆብኛል። ሲስቅ የነበረውን ፊት አሁን ከውስጥ ሆኜ አየሁት።

«ሚዛኑን አምጡ» አልኩ።

ስልሳ ዘጠኝ ኪሎ።

ነጋዴው ወደ እኔ ላለማየት ጣራውን ያያል። ከዚያ ልጁን ጠርቶ «ከዚያ ቴምር አንድ ካርቶን አውርድ» አለው። ቴምሩ አሥራ ሁለት ኪሎ ነበር። ልጅቱ ራሷ ከረጢቱ ላይ አስራ፣ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጎትታ፣ ወደ መዘውሩ ተመለሰች። ሩዙ ከመሬት ለቀቀ። ቀስ ብሎ ወጣ፤ በሙቀቱ ውስጥ እንደ መርከቦቹ አየር ላይ ቆመ። ያን ያህል ቆሞ አልቆየም ይሆናል፤ እኔ ግን አሁንም ስተኛ ቆሞ አየዋለሁ።

የቴክኒኩ መምህር አማርኛ አያውቅም። ስለ ምን እንደተከራከርን ነጋዴውን በሶማሊኛ ጠየቀ፤ ነጋዴው አንድም ሳይቀንስ ነገረው፤ እኔንም አልማረኝም። መምህሩ ለልጅቱ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበላት፤ ባይመዘን ኖሮ ክንዱ የት ይወድቅ ነበር? ልጅቱ በጣቷ አሳየችው። ጣቷ ያረፈው እናቷ ላይ ነው። መምህሩ አጠገቧ ስለነበር ትንሽ ፈቀቅ አለ።

ስሟን የጻፈው እዚያው ነው። እናቲቱ እያለቀሰች «ጋሼ፣ ለማዳም ምን ልበላት?» አለችኝ።

«ልብስ የሚተኩስ ሌላ ሰው ትፈልግ በያት።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አስተምሬአለሁ። እግሬ ስለደከመ ወደብ መውረድ ትቻለሁ። እንዳይረሳ ግን የሠራሁትን እዚህ ላይ አሰፍራለሁ።

ሳልማር አስተምሬአለሁ።

በአራት ቋንቋ ማሽን ሰድቤ፣ በአራቱም ታዝዞልኛል።

ፊደል ያልቆጠሩ ሁለት ረዳቶቼን የክሬን ነጂ አድርጌአለሁ፤ ዛሬ ዶራሌ ናቸው።

ከእንጨትና ከብስክሌት የሠራሁት ክሬን መጋዘኑ ውስጥ እስኪበሰብስ ድረስ የነጋዴውን ስኳር ሲያወርድ ኖሯል።

በየክረምቱ፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን፣ እርጥብ አሸዋ አስመዝኜ ከአራት ቀን በኋላ መልሼ አስመዝናለሁ። ለምን እንደሆነም እነግራቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስሕተቴን ያገኘችው ግን እኔው ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ስለዚህ እሱንም ከሠራኋቸው ቆጥሬዋለሁ።