ከወገብ ሳይሆን ከእግር
መጀመሪያ የከዳኝ ጫማዬ መስሎኝ ነበር። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ እየወለቀ ወደ ኋላ ይቀራል። «ወይ አንተ እርኩስ!» ብዬ ረግሜ ሌላ ገዛሁ። ያም ወለቀ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ቦሌ አካባቢ ባለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። ለአብዮት በዓል ፋብሪካዎች በገመድ ጉተታ ይጋጠማሉ። በሴቶቹ ቡድን ከሁሉም ኋላ፣ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ የምትቆመው እኔ ነበርኩ። አሰልጣኛችን ጓድ ተሾመ «ቁጢጥ በሉ! ተረከዛችሁን ቅበሩ! ፊሽካው ሲነፋ ባንድ ጊዜ በእግራችሁ ግፉ!» ይለናል። እኔ ጉልበቴን ተማምኜ በወገቤ ጎተትኩ። ወገቤ ቀጭ አለ። ጫማዬ መውለቅ የጀመረው ከዚያ ልምምድ በኋላ ነው።

እናቴ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ፤ ደህና አድርጎ አሸኝ። በማግስቱ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። አውራ ጣቴን ላንቀሳቅስ አልኩ። እምቢ አለ። አለቀስኩ።

ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ ሐኪሙ ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ።

«በወገብሽ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭሽን ተጭኖታል። ዕረፍትና ፊዚዮቴራፒ፣ ማለት የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ እንሞክራለን። ካልሆነ ኦፕራሲዮን ነው።»

«እድናለሁ ዶክተር?»

«አሁን ቃል አልገባልሽም።»

ልጄ ሩት ገና ድክ ድክ ማለቷ ነው። እኔ እንደማላነሳት ሲገባት፣ እጇን ለእህቴ ለአልማዝ ትዘረጋ ጀመር። ከወገቤ ይልቅ ያ ነው የገደለኝ።

ቀስ በቀስ፣ ተስፋ ቆርጬ ጣራ ጣራውን ሳይ በሰነበትኩበት አልጋ ላይ፣ አውራ ጣቴ ነቃ አለ፤ ከዚያ በኋላ ሲስተር ሙሉ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በጎን ተንከባልዬ ከአልጋ መነሳትን፣ ግድግዳ ይዤ መራመድን፣ በመጨረሻም ዕቃ ማንሳትን እንደ ሕፃን ከሀ ጀምራ አስተማረችኝ።

«ጀርባሽን ቀጥ፣ ቂጥሽን ወደ ኋላ፣ በእግርሽ ግፊ» ስትለኝ ሳቄ መጣ።

«ይሄማ የጓድ ተሾመ ትምህርት ነው!»

«ታዲያ ያኔ ጆሮሽ የት ነበር?» አለችኝ።

እንደኔ ለታመማችሁ የምለው ይሄን ነው። እግራችሁ ከሰነፈ ወይ ከደነዘዘ፣ ከመታሸታችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። ሽንት እምቢ ካላችሁማ አንድ ቀን አታሳድሩት። ሲሻላችሁም አትቸኩሉ፤ እኔ ሁለቴ ቸኩዬ ሁለቴ ወደ አልጋ ተመልሻለሁ።

ሲስተር ሙሉ ልጅ ማንሳት የፈቀደችልኝ ቀን አልማዝ ሩትን መሬት ላይ አቆመችልኝ። ልጄ አየችኝ፤ ትንሽ አመነታች፤ እጇን ዘረጋችልኝ። ቁጢጥ ብዬ አቀፍኳት፣ በእግሬ ተነሳሁ። ወይ ደስታ!

«እግዜር ይስጥልኝ አልሜ» አልኳት እህቴን።

«ቀስ! ሁለተኛ ልጅሽን አልሸከምልሽም» አለችኝ፣ እንባዋን እየጠረገች።