ሳፋው ውስጥ የቀረችው ዓሣ

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ስንኖር ባሌ የልብስ ሳፋዬን ወንዝ አደረገው። አብሮት መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አንድ ሳጥን ሰው ሠራሽ ዓሣ ሰጥቶት ነበር። ከእንጨት ተጠርበው ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ዓይን አላቸው፤ ከሆዳቸው ሥር ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ተንጠልጥሎባቸዋል። ባሌ ዲዴሳ ወንዝ ወርዶ ሊያጠምድባቸው ቋምጧል፤ መጀመሪያ ግን ጠባያቸውን ልወቅ አለ።

እኔንም አስቀምጦ አስተማረኝ። አፉ ጎድጎድ ያለው ከውኃው ላይ አይወርድም፤ ሲጎትቱት እየተንቦጫረቀ ይመጣል። ከአገጩ ሥር ማንኪያ የመሰለ ምላስ ያለው ሲስቡት ይጠልቃል፤ ሲተዉት ተመልሶ ብቅ ይላል። ሆዷ ውስጥ እርሳስ ያለባት ትንሿ ብርማ ዓሣ ግን ቀጥ ብላ ወደ ታች ነው። «ይቺ ተንኮለኛ ናት» አለኝ፣ ራሱ የወለዳት ይመስል እየኮራ። ጢም ያወጣ ሰው በሳፋ ሲጫወት ማየቱ አሳቀኝ።

ከበር ሲጠሩት የተንሳፈፉትን ለቃቅሞ ወጣ። ውኃው በፀሐይ ለብ ብሏል፤ ከምንጭ በእንስራ የመጣ ውኃ ደግሞ ዝም ብሎ አይደፋም። ሳሙና አሟሟሁበትና ገና መቆም ያልጀመረውን ልጄን አስቀመጥኩት። ፀጉሩን ሳጥበው ባሌ ተመልሶ ዓሣዎቹን ወደ ሳጥኑ መክተት ጀመረ። ድንገት እጁ ቆመ።

«ትንሿ የለችም» አለ።

ሁለታችንም ሳፋውን አየን። ውኃው እንደ ወተት ነጥቷል። ልጁን ብድግ ላደርገው ስል፣ እናቴን ስለሚያህሉ ሃርሜ የምላቸው፣ ሁሉን ሲያዩ የቆዩት ጎረቤታችን ከደጃፋቸው ጮኹ።

«አታንሺው፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ! ይራገጣል! እግሩ ቢያገኛትስ? ውኃውን ቅዱ!»

ባሌ በጣሳ ይቀዳ ጀመር። ከጥድፊያው ብዛት ግማሹን እዚያው ይመልሰዋል፤ በሌላ ቀን ብሰድበው ነበር። እኔ ልጄን በብብቱ ይዤ ደርቄአለሁ። በምጥ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ልጁ ጨዋታ መስሎት ይስቃል፤ ውኃውን በመዳፉ መታ ባደረገ ቁጥር ልቤ ትቆማለች። «እመቤቴ፣ እግሩን ያዢልኝ» እላለሁ።

ውኃው ከእምብርቱ ወረደ፤ ከጭኑም ወረደ። ከሁላችን ቀድሞ ያያት ልጁ ነው። በእግሮቹ መካከል፣ መንጠቆዋን ወደ ላይ አቁማ፣ በቀይ ዓይኗ ታየዋለች። ያያት ሁሉ እንዲጓጓላት ነው የተሠራችው፤ ልጄም ጓጓ። እጁን ዘረጋ።

የእጁን አንጓ ባለ በሌለ ኃይሌ ጨምድጄ ወደ ላይ አነሣሁት። በጩኸት ግቢውን አናወጠው። መሬት ቁጭ አልኩ፤ ጭኔ ላይ አገላብጬ ተረከዙን፣ መቀመጫውን፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ፈተሽኩት።

ባሌ ጣሳውን እንደያዘ «ደም አለ?» አለኝ።

የልጁን እጅ አንሥቼ አሳየሁት። ከጣቶቼ ምልክት በቀር ምንም አልነበረበትም።