ምላጭ ያልገባበት እጀታ

ይህን ለሚስቴም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ መጡብኝና አፌን መያዝ አቃተኝ፤ እናንተው ስሙኝ።

ሐይቅ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰይድ የሚባል ከአርዲቦ የሚመጣ ደንበኛ ነበረኝ፤ ቁመቱ ረዝሞ በሬን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ፣ አንገቱን የደፋ ሰው። ሃያ አምስት ዓመት አልፎትም ጢም አላበቀለም። ግን ሐሙስ ሐሙስ ለጁምዓ ሊላጭ ይመጣል። እኔም ሳሙና ቀብቼ፣ ምላጭ ያልገባበትን እጀታ ጉንጩ ላይ አሳልፌ፣ ሽቶ አርከፍክፌ እሸኘዋለሁ። ሌላው ተራ ጠባቂ ምንም አያውቅም። እኛ እናውቃለን፤ አንድም ቀን ግን አንስተነው አናውቅም።

ሰይድ ሊያገባ፣ ኒካው ሊታሰር ሳምንት ሲቀረው የእጮኛው ወንድም ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ሰይድ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ጠየቀኝ። ደግ ነው ማለት ምን ይከብድ ነበር? እኔ ግን ጨዋታ አዋቂ ነኝ፤ ሰው ካላሳቅኩ የዋልኩ አይመስለኝም። ባዶውን እጀታ ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየሁትና "የሰይድ መላጫ ይህ ነው" አልኩት። ሳቅኩ። ብቻዬን ነበር የሳቅኩት።

ኒካው ፈረሰ። ወንድ አይደለም ተባለ። ሰይድ ማን እንዳወራበት ሳያውቅ ዐረብ አገር ሄደ። እኔ አደረግኩት። እኔ፣ በአንዲት ባዶ እጀታ።

ዛሬ ከሰዓት በሬን ጎንበስ ብሎ ገባ! ስንተቃቀፍ አገጩ ወጋኝ። ጢም! እየተጣደፈ ነገረኝ፤ እዚያ አገር ሐኪም ደሙን መርምሮ ምክንያቱን አገኘለት። ወንድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ይዞ ይወለዳል፤ ሰይድ ግን ትርፍ ኤክስ ጨምሮ ተወልዷል። ክላይንፌልተር ይሉታል፤ ሦስቴ አስደገምኩት። የቁመቱ መርዘም፣ የጢሙ መጥፋት ከዚያው ነው። እርግማን አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ወንድነቱንም አይነካም፤ ሳያውቁት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የጎደለውን ሆርሞን በመርፌ ይወስዳል። ልጅ መውለድ ሊያስቸግረው እንደሚችልም አልደበቀኝም፤ ለሚያገባት ሴት አስቀድሞ ሊነግራት ቆርጧል። እንዴት ደስ አለኝ! ስንት ዓመት የታማበት ነገር ለካ ስም አለው። እንደ ሕፃን በጥያቄ አጣደፍኩት። አዲስ ምላጭ ፈትቼ አስገባሁ፤ ጉንጩ ላይ ኮሽ ኮሽ ሲል ሁለታችንም ሳቅን።

ከወንበሩ ሲነሳ እጄን ያዘኝ።

"ጋሽ ይማም፣ እዚያ ሆኜ ሁሌ ዱዓ አደርግልህ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያማኝ ገመናዬን የያዝክልኝ አንተ ነህ" አለኝ።

አሚን አልኩ። ያ ጨዋታ አዋቂ ምላሴ የት ገባ?

ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። ሳሙና ሳልቀባው፣ ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ። አላወቅኩም ነበር አልለውም፤ ክሮሞዞም ባላውቅ ገመና አውቅ ነበር። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። አፉ ቢለኝም ባይለኝም ተቀብያለሁ። ዱዓዬን መልስልኝ ቢለኝ ግን ከየት አመጣለታለሁ?